ተከራይ ቢሞት ማንን ልጥራ

የመመረቂያ ፕሮጀክት እኔ በተማርኩበት ዘመን ማንንም አይጎዳም ነበር። ተማሪው ከቤተ መጻሕፍት አንድ አቧራ የጠገበ ጥራዝ ያወጣል፤ የወረዳውን ስም ይቀይራል፤ በሰማያዊ ሽፋን ያስጠርዛል፤ ይመረቃል። መምህሩ አያነብበውም። ተማሪው እንደማይነበብለት ያውቃል። በሰላም ይለያያሉ።

አሁን መመሪያው ተለውጧል። ተማሪው ከግቢ ወጥቶ የእውነተኛ ሰዎችን እውነተኛ ችግር እንዲፈታ ይታዘዛል። እኔ በማስተምርበት የመሬትና የቤት ንብረት አስተዳደር ክፍል ደግሞ ትእዛዙ ይበልጥ ይከብዳል፤ በቤት ገበያው ውስጥ የሚሠራ አንድ ባለጉዳይ ፈልጉ፣ ችግሩን ጠይቁ፣ መፍትሔውን ሠርታችሁ አስረክቡ ይላል። አማካሪ ሆኜ ስመደብ መመሪያውን ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። ችግሩ መፈታት ባይፈልግ ምን እንደሚደረግ የሚናገር አንቀጽ አላገኘሁበትም።

የደረሱኝ ተማሪዎች ሁለት ነበሩ። ሴቷ የሞጣ ልጅ ናት፤ አባቷ እዚያ እህል ይነግዳሉ፤ እሷም እንደ አባቷ ፈጥና ትናገራለች፣ ፈጥና ትወስናለች። ወንዱ ከሆሳዕና የመጣ ነው፤ ዝምተኛ፣ ኮምፒዩተር ላይ ሲቀመጥ ግን ጣቱ የማይያዝ።

በመጀመሪያው ቀጠሯችን ልጁ ላፕቶፑን ከፍቶ አዞረልኝ። "መምህር፣ አፑ አልቋል። የቀረን ችግሩን መጻፍ ብቻ ነው።"

ቀልድ መስሎኝ ነበር። አልነበረም። አፑ በቢቸና ከተማ የሚከራዩ ቤቶችን በፎቶ የሚያሳይ ነበር፤ አከራዩ ይለጥፋል፣ ተከራዩ ይመርጣል፣ ደላላው ወደ ታሪክ ይገባል። ያን ሰሞን በስልክ የሚሠራ ኢንተርኔት በአካባቢያችን ከጠፋ ሰንብቶ ነበር። ይህን ሳነሳባቸው ልጅቷ፣ "ሲመለስ ዝግጁ እንሆናለና!" አለችኝ። ለነገሩ እኔም ብዙ ነገር ሲመለስ እጠቀምበታለሁ ብዬ አስቀምጫለሁ።

እንዲህ ሆነን፣ መንገዱ ክፍት በሆነበት ሰሞን፣ ቢቸና ሄድን።

ባለጉዳያችን መናኸሪያው ፊት ለፊት ካለች ሻይ ቤት የማይጠፋ ደላላ ነው። ከበሬ እስከ ቤት፣ ሻጭና ገዢ ያለው ነገር ሁሉ በእሱ በኩል ያልፋል። መምህር መሆኔን ከሰማበት ቅጽበት ጀምሮ "የኔታ" አለኝ፤ የቅኔ ቤት መምህር እንደማልመስል እያየ፣ ለመተረብ።

"የኔታ፣ እነዚህ ልጆች ምን ሊያደርጉልኝ ነው የመጡት?"

ልጅቷ ስልኳን አሳየችው። "ባዶ ቤት ያለው ሰው ፎቶ ያነሳና እዚህ ይለጥፋል። ፈላጊው ቤቱ ሆኖ ያያል።"

"እኔስ የት ነኝ?"

"እርስዎ... ያስተባብራሉ።"

"ምኑን?"

ደላላው ሳቀ። "እንጀራዬን ልትቀሙኝ ከመጣችሁ ሻዩንማ እናንተ ክፈሉ።" ከዚያ ስልኩን መለሰላትና ከሻይ ቤቱ በር ወዲያ ያለውን መንገድ በአገጩ አመለከተ። "ባዶ ቤት መች ጠፋ? ከዚህ እስከ ከብት ገበያው ሰርቪስ የሌለው ግቢ የለም። ሞልቷል። ተቆልፎ ነው እንጂ።"

ሰርቪስ የሚለው በየግቢው ከዋናው ቤት ጀርባ በተርታ የሚሠሩትን ክፍሎች ነው። ሰው የሚሠራቸው ሊያከራያቸው ነው። ሠርቶ ቆልፎ መቀመጥ፣ እኔ ስለ ከተማና ስለ ኪራይ ባነበብኳቸው መጻሕፍት ውስጥ በየትኛውም ገጽ የሌለ ጠባይ ነው። መጻሕፍቱ ባዶ ቤት ዋጋ ይጠብቃል ይላሉ። ደላላው ግን ዋጋ ጨምሮ እንደሞከረ፣ የብዙ ወር ቅድሚያ አስይዞ እንደሞከረ ነገረን።

"መምህር ይመጣል፣ የባንክ ሠራተኛ ይመጣል፣ ይዤው እዞራለሁ። አንዷ 'ዘመድ ሊመጣብኝ ነው' ትላለች። ሌላው 'ለልጄ መዳሪያ ነው' ይላል። ልጁ ገና ፊደል እየቆጠረ ነው! አሁን ያቺ የጤና ጣቢያዋ አዋላጅ..."

ልጁ ቀና አለ። "አውቃታለሁ። የአገሬ ልጅ ናት።"

ጤና ጣቢያው ድረስ በእግራችን ሄድን። አዋላጇ ከሆሳዕና ወዲያ ካለ ገጠር ተመድባ የመጣች፣ ቁመቷ አጠር ያለ፣ ስትናገር ዓይን ዓይን የምታይ ወጣት ናት። ከመጣች ጀምሮ የምትተኛው ከእናቶች ማቆያው ጎን ባለች ዕቃ ማስቀመጫ ክፍል ውስጥ ነው። አልጋዋ በአሮጌ ሚዛንና በካርቶን መካከል ተሰንቅሯል።

"ምጥ ሲመጣ ያንኳኩብኛል፤ ሥራዬ ነው" አለችን። "ምጥ ሳይኖር ደግሞ መጥረጊያ ፈልገው ያንኳኩብኛል።"

"ቤት ጠይቀሽ ምን አሉሽ?" አልኳት።

"ሰዎቹ ደጎች ናቸው። ምሳ አብልተው ነው የሚመልሱኝ።"

ከእሷ በፊት የነበሩት አዋላጆች አንድ ዓመት ሳይደፍኑ ለቅቀው ሄደዋል። እሷም የዝውውር ጥያቄ አስገብታ ነበር። ሥራውን ትወደዋለች፤ እናቶቹም ለምደዋታል፤ ግን ሰው በሩን ዘግቶ የሚተኛበት ቦታ ይፈልጋል። እስከ ፋሲካ ቤት ካገኘች ትቀራለች፤ ካላገኘች ትሄዳለች። ይህን የነገረችን ሳትለማመጥ፣ የአውቶቡስ ሰዓት እንደምትነግር ሆና ነው። ስንወጣ ልጅቷ፣ "እንግዲህ ፕሮጀክታችን እሷ ናት" አለች። እኔ እንደ አማካሪ መመሪያውን ማስታወስ ነበረብኝ። አላስታወስኩም።

ደላላው ወደ አንዲት ባልቴት ግቢ ወሰደን። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ከጓሮ በኩል በቆርቆሮ የተከደኑ፣ በራቸው ቀለም የተቀባ ሰርቪሶች አሏቸው። ሁሉም ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። አስገብተው አስቀመጡን፤ ጠላ ቀዱልን፤ የመጣንበትን ሰምተው ሲጨርሱ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

"እዚህ ማንን ታውቃለች?"

"ጤና ጣቢያው ያውቃታል እማማ" አለች ልጅቷ።

"ጤና ጣቢያ ሰው ነው?"

ልጁ ጉሮሮውን ጠረገ። "ቅድሚያውን አብዝታ ትክፈል ካሉ..."

"ብር ሬሳ ይሸከማል?" አሉት።

ልጅቷ፣ ዝምታ የማይሆንላት ናትና፣ "በሃይማኖቷ ነው?" ብላ ፊት ለፊት ጠየቀቻቸው። አዋላጇ ጴንጤ መሆኗን ከተማው ሁሉ ያውቅ ነበር።

"በጸሎቷ ምን አገባኝ?" አሉ ባልቴቷ። ግማሹን አመንኳቸው። ማመን ያቃተኝን ግማሽ ደግሞ ቀጥለው የተናገሩት ነገር አስረሳኝ።

ባንድ ክረምት ከሰርቪሶቹ በመጨረሻው ውስጥ የመንገድ ሥራ ቀያሽ ተከራይቶ ነበር። ጨዋ ሰው ነበር፤ ኪራይ አያዛንፍም። አንድ ጠዋት በሩን ሳይከፍት አረፈደ። ገፍተው ሲገቡ ሞቷል። ስልኩ አጠገቡ ነበር፤ ግን የሚከፈትበትን ቁጥር ማን ያውቃል? የሚሠራበት ድርጅት ሰዎች ከከተማ ወጥተው ነበር። የዕድሩ ሰዎች ተጠሩ፤ መጥተው በሩ ላይ ቆመው፣ ዕድሩ የሚቀብረው አባልንና የአባልን ቤተሰብ እንደሆነ፣ ተከራይ ደግሞ ሁለቱንም እንዳልሆነ አስረዷቸው። አዝነው ነው ያስረዷቸው። ድንኳን አልወጣም። ጥሩምባ አልተነፋም።

"ከጠዋት እስከ ማታ የማላውቀውን ሰው ሬሳ ይዤ ብቻዬን ተቀመጥኩ" አሉ። "እናቱ የት እንዳለች አላውቅ፤ ሙሾ ላወጣለት የአባቱን ስም አላውቅ። ማታ ላይ ማዘጋጃ ቤት ሰው ልኮ አስወሰደው። ከዚያ ወዲያ ቆለፍኩት። አሁንም ያችን አዋላጅ አልጠላኋትም። ተከራይ ቢሞት ማንን ልጥራ? ይህን ንገሩኝና ቁልፉን እንኩ።"

ደላላው ወደ መሬት አየ። ይህን ሁሉ ዓመት ሲያዞር ኖሮ፣ ይህን አልሰማም ነበር። ወይም ሰምቶ፣ ደላላ የሚያስተካክለው ነገር ስላልሆነ ትቶታል። በኋላ ሌሎች አከራዮችንም ስንጠይቅ የቀያሹን አሟሟት ያልሰማ አልነበረም። ከመንገዱ ወዲህና ወዲያ ያሉት ሰርቪሶች የተቆለፉት በአንድ ሰው ሬሳ ምክንያት ነው ብል አላጋነንኩም። የኢኮኖሚ መምህራን ይህን በምን ዓይነት ሠንጠረዥ እንደሚያሳዩት ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር።

ማታ ባረፍንበት ቤት ልጅቷ ድንገት፣ "በእኛ ሰፈር ተከራይ ዕድር ይገባል" አለች።

በማግስቱ ሞጣ ሄድን። አባቷ መጋዘናቸው በር ላይ ጤፍ እያስጫኑ ተቀበሉን፤ ወሬውን ሲሰሙም ተገረሙብን። "ለዚህ ነው ሦስት ሆናችሁ የመጣችሁት? ቀላል ነገር እኮ ነው።" ተከራዩ ባከራዩ ዋስትና ይመዘገባል፤ እንደማንኛውም አባል መዋጮውን ይከፍላል፤ የቤተሰቡን አድራሻ ይሰጣል፤ ቀብር ሲኖር ድንኳን ይተክላል፣ ወንበር ይሸከማል። ከከተማ ሲለቅ ተናግሮ ይወጣል። መቅረት ያማረው ደግሞ ቅጣቱን ይከፍልና ይቀራል።

"ከሁሉ የሚበረታው የመብራት ኃይሉ ተከራይ ነው" አሉን። "ምሰሶ መውጣት ስለለመደ ድንኳኑን ብቻውን ይወጥረዋል።"

የዚያን ቀን አፑን ተዉት አልኳቸው። ሁለቱም እንደ እብድ አዩኝ።

"መምህር፣ ያለ አፕ ይጥሉናል" አለ ልጁ።

"ይጣሉን።"

"የሚጥሉት እኛን ነው" አለች ልጅቷ። "እርስዎን አይደለም።"

ልክ ነበረች፤ ልክ መሆኗም አልጣመኝም። በሰው ውጤት መጀገን ቀላል ነው። ቢሆንም አልቀየርኩም። ገበያው የጎደለው የቤት ፎቶ አለመሆኑን እያወቅን የቤት ፎቶ ማሳያ ማስረከብ፣ ለተራበ ሰው የምግብ ዝርዝር ማንበብ ነው አልኳቸው። ልጁ ብዙ አሰበ። ከዚያ፣ "ፋሲካ ሩቅ አይደለም" አለ። የተስማማን በዚህች ነው፤ ክፍሉን ለአዋላጇ እስከ ፋሲካ ማስከፈት፣ የቀረው ይቅር።

የዕድሩ ስብሰባ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነው። ድንኳኑና አግዳሚዎቹ የሚቀመጡበት መጋዘን በር ላይ አባላቱ ተሰበሰቡ። ሰብሳቢው ቅኔ ያስተምሩ የነበሩ መሪጌታ ናቸው፤ ዓይናቸው ደክሟል፤ ምላሳቸው ግን አልደከመም። ባልቴቷም ነጠላቸውን ተከናንበው ከዳር ተቀምጠዋል። ልጅቷ ተነሣች። ቀያሹን አነሳች፣ አዋላጇን አነሳች፣ ባማረ አንደበት ከተናገረች በኋላ የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር እንዲህ ብላ ጀመረች፤

"በእኛ በሞጣ..."

ሰው ሁሉ ፊቱ ሲቆለፍ አየሁ። እኔ የተወለድኩት ደብረ ኤልያስ ነው። ቢቸናና ሞጣ ያው አንድ ጤፍ የሚሸጡ፣ አንድ መንገድ ላይ የተቀመጡ ሁለት ከተሞች ይመስሉኝ ነበር። ለቢቸና ሰው ግን ልጅቷ ያመጣችው ደንብ ሳይሆን ሞጣን ነው።

አንድ ወፍራም ድምፅ ያለው ነጋዴ ከኋላ፣ "ሞጣዎች ደግሞ መች ሞተው ያውቃሉ!" አለ። "ነጋዴ ለመሞት ጊዜ አለው እንዴ?"

"አንተስ ምን ሆነህ ነው?" አለው ጎረቤቱ።

"እኔ የቢቸና ነጋዴ ነኝ። ጊዜ አለኝ።"

ሳቁ ጋብ ሲል መሪጌታ ዱላቸውን ወደ ልጅቷ አቀኑ። "ልጄ፣ እኛ አባቶቻችን ባቆዩልን ስንቀባበር ኖረናል። መቀበርን ከሞጣ አንማርም።" ጉዳዩ ተዘጋ። ቀጥሎ የተነሣው የተቀደደው የድንኳን ሸራ ነበር።

ከስብሰባው ስንወጣ ልጅቷ ታለቅሳለች ብዬ ፈርቼ ነበር። አላለቀሰችም፤ ጥርሷን ነክሳለች። ደላላው ከኋላችን ደረሰ።

"ነገሩማ ጥሩ ነበር። የሞጣ አፍ ነው ያበላሸው።"

"እንግዲያው የቢቸና አፍ እንፈልጋለን" አለ ልጁ። በዝምታ የሚያስብ ሰው አንዳንድ ጊዜ እንዲህ ነው፤ አንዷን ይናገራታል፤ ያቺም የአንድ ስብሰባ ያህል ትበቃለች። "የእርስዎን።"

"የኔን? ከእያንዳንዱ ቤት ድርሻ እንዳለኝ እያወቁ? እኔ ተነሥቼ ብናገር ጭራሽ የድንኳኑንም ሸራ ይከለክሏችኋል።" አሰበ። "ያቺ ባልቴት። ለዚያ ዕድር የምትናገረው ነገር በሆዷ አለ።"

ባልቴቷ ግን እምቢ አሉ። "እኔ ለተከራይ ብዬ ዕድር ልለምን? ምን ቆርጦኝ!" ልጅቷ ለመነች፤ እኔ ረዘም ያለ ንግግር አደረግሁ፤ ሁለታችንንም በትዕግሥት ሰምተው ጠላ ጨመሩልን። የቢቸና እምቢታ በእንግዳ ተቀባይነት የተለበጠ ስለሆነ ሰው እየጠጣ ይሸነፋል።

ልጁ ሳያማክረን ጤና ጣቢያ ሄዶ አዋላጇን ይዟት መጣ። ነጭ ጋውኗን አላወለቀችም። ባልቴቷ ተነሥተው ተቀበሏት፤ ቦታ ሰጧት፤ ያንኑ ጥያቄ ጠየቋት።

"እዚህ ማን አለሽ?"

"ማንም የለኝም።"

"ብትታመሚስ?"

"ወንድሜ ሆሳዕና አለ። ስልኩን እሰጥዎታለሁ። ግን በዚህ መንገድ መቼ እንደሚደርስ አይታወቅም። እስኪደርስ ብሞት፣ እሱን አይጠብቁኝ፤ እርስዎ እንዲቀብሩኝ ነው የምፈልገው።"

ባልቴቷ ጽዋቸውን አስቀመጡ። "ኧረ አፍሽን በቁራጭ! ማን ትሙት አለ?"

"እርስዎ ነዎት ያነሱት፤ እኔ ቤት ነበር የጠየቅሁት።"

በዕድሜዬ ብዙ ድርድር አይቻለሁ፤ ብዙም አንብቤአለሁ፤ ቤት ለመከራየት ቀብሩን የተደራደረ ሰው ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ባልቴቷ ትንሽ አፈጠጡባት፣ ከዚያ ሳቅ አመለጣቸው፣ ሳቁን በነጠላቸው ጫፍ ሸፈኑት። "ደፋር ናት" አሉ ለእኔ፣ እሷ የሌለች ይመስል። "መጪው ስብሰባ መቼ ነው?"

በመጪው ስብሰባ ልጅቷን ከኋላ አስቀመጥናትና እንዳትተነፍስ አስማልናት። ባልቴቷ ጉዳያቸው እስኪጠራ አልጠበቁም። ተነሡ።

"መሪጌታ፣ ያ ልጅ በቤቴ የሞተ ዕለት ድንኳኑ የት ነበር?"

"እዚሁ መጋዘን ነበር፤ ግን ደንቡ..."

"እዚህ ነበር! ተጠቅልሎ አይጥ ሲበላው! የተቀደደው ሸራ ብላችሁ ስትወያዩ ነበር፤ አይጡ ነው የቀደደው። ሰው ሲሞት ብታወጡት ኖሮ አይቀደድም ነበር።"

"እመቤት፣ ደንቡ ተከራይን አይልም።"

"ደንቡ ከሰማይ ወረደ? እናንተ አይደላችሁ የጻፋችሁት? የኔ ባል ራሱ ፈርሞበታል፤ ነፍሱን ይማረውና ፊርማውን እኔ አንሥቼለታለሁ።"

ወፍራም ድምፅ ያለው ነጋዴ ከኋላ፣ "ተከራዩ ያልተጠመቀ ቢሆንስ?" አለ። ሁሉም የሚያስበውን ነበር የተናገረው። ልጁ ከጎኔ እጁን አጣምሮ ወደ ፊት ያይ ነበር።

መሪጌታ ዱላቸውን መሬት ላይ አሽከርክረው ቆዩ። "ዕድር ቀባሪ ነው እንጂ አናዛዥ አይደለም" አሉ። "የየራሱ ሰው ጸሎቱን ያድርስለት። ጉድጓዱና ድንኳኑ የእኛ ነው። ሬሳ በር ላይ ቆሞ ማስረዳት ግን... ያን ቀን እኔም በሩ ላይ ነበርኩ።" ሌላ አልጨመሩም።

ከዚያ በኋላ ክርክሩ ይግቡ አይግቡ መሆኑ ቀረና እንዴት ይግቡ ሆነ። ቢቸና ቢቸና የሆነችው እዚህ ላይ ነው። ደላላው ከዳር ሆኖ፣ ለማንም ሳይሆን ለአየሩ የሚናገር መስሎ፣ "ሞጣ ተከራይ ቅጣት ከፍሎ ከቀብር ይቀራል አሉ" ብሎ ጣል አደረገ።

"ከፍሎ ይቀራል?" አሉ መሪጌታ፣ እንደተሰደበ ሰው።

"ነጋዴዎች አይደሉ!" አለ ነጋዴው። "እኛ ጋ አይቻልም! የገባ ይገኛል፤ ከፍሎ መቅረት የለም!"

በጭብጨባ አለፈ። የልጅቷ አባት ሞጣ ላይ በተራ ወግ የነገሩን ደንብ፣ በቢቸና እጅ ጥብቅ ሆኖ፣ የቢቸና ሆኖ ወጣ። ዘወር ብዬ ልጅቷን አየኋት። ፊቷን በሻርፏ ሸፍና በሳቅ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። ያስነጠሳት መስሏቸው አንዲት እናት "ይማርሽ" አሏት።

አዋላጇ በዚያው ሳምንት ፍራሿን በባጃጅ ጭና ገባች። የዝውውር ጥያቄዋን ግን አልሰረዘችም። "አየዋለሁ" አለችን። አልፈረድኩባትም። ስብሰባ ላይ የተጨበጨበለት ነገር ስንቱ እንደሆነ ቀረ።

የትምህርት ጊዜው በመዘጋትና በመከፈት ተዘበራርቆ ስለነበር ተማሪዎቹ ፕሮጀክታቸውን ያቀረቡት በሁዳዴ ጾም ነው። ገምጋሚዎቹ ከእነሱ በፊት አፕ ሲያዩ፣ ዳሽቦርድ ሲያዩ ውለዋል። አንደኛው፣ በዕድሜ ከሁሉም የሚያንሰው፣ ገጹን አገላብጦ ግራ ተጋባ።

"ሲስተሙ የታለ?"

"በየወሩ እሑድ ይሰበሰባል" አለችው ልጅቷ።

"ቴክኖሎጂው ምንድን ነው ማለቴ ነው።"

"ድንኳን" አለ ልጁ።

ከኋላ ሰው ሳቀ። ገምጋሚው አልሳቀም። "እሺ፣ ወደ ሌላ ቦታ ሊስፋፋ ይችላል?"

"ሰው በሚሞትበት ከተማ ሁሉ" አለች።

አማካሪ እንዲናገር አይፈቀድም፤ እኔም ተናገርኩ። የቤት ገበያ የምንለው ነገር ከዋጋ በፊት በመተማመን ላይ እንደቆመ፣ የተቆለፉትን በሮች ያስከፈተው ይኸው እንደሆነ፣ ደላላው ከዚያ ወዲህ ሌሎች ክፍሎችም እንዳከራየ ተናገርኩ። በትሕትና አስቀመጡኝ። ተማሪዎቹ አለፉ፤ ማስተካከያ ታዘዘባቸው፤ "ዲጂታል መፍትሔ ይጨመርበት"። ልጁ ያን ከመጀመሪያው ያለቀ አፕ ከጥራዙ መጨረሻ አባሪ አድርጎ አስገባው። እስካሁን የከፈተው ሰው መኖሩን አልሰማሁም።

ለደላላው የጥራዙን ቅጂ ልንሰጥ ቢቸና የተመለስነው ለፋሲካ ጥቂት ሲቀረው ነው። መጀመሪያ ወደ ባልቴቷ ግቢ ሄድን። የውጭ በሩ ወለል ብሏል፤ ሰው የለም። የአዋላጇ ክፍል ተቆልፏል። ልጁ ቁልፉን በእጁ ነካው፤ ፊቱ ተለወጠ። "ሄዳለች" አለ።

ከሰፈሩ ታች ድንኳን ተተክሎ ታየን። ተከትለነው ሄድን። የሞቱት የዚያ ወፍራም ድምፅ ያለው ነጋዴ እናት ናቸው፤ እሱ ድንኳኑ ሥር ጭንቅላቱን ይዞ ተቀምጧል፤ ድምፁ አይሰማም። ተጎንብሰን ነፍስ ይማር ብለን ወደ ጓሮ ስንዞር ሴቶቹ ለምስር ወጡ ሽንኩርት ይልጣሉ። አዋላጇ ከመካከላቸው ናት፤ ዓይኗ ቀልቷል፤ ከሽንኩርቱ ይሁን ከሐዘኑ አላውቅም። ባልቴቷ ከበላይዋ ቆመዋል።

"ይህ ሽንኩርት ነው ወይስ እንጨት? አድቅቂው እንጂ! ሕፃን በማዋለድ ጎበዝ ናት ይሉኛል፤ ሽንኩርት መክተፍ ማን ያስተምራት?"

"እማማ፣ ቢላዋው ዶማ ነው።"

"እጅሽ ነው ዶማ!"

ሴቶቹ እንደ ሐዘን ቤት ወጋቸው ዝቅ ብለው ሳቁ። እኛን ስታይ ተነሥታ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ልጅቷ መታገሥ አልቻለችም።

"ዝውውርሽስ?"

"ተፈቀደ። ባለፈው ሳምንት መጣ።"

የሠራነው ሁሉ ባንድ ማኅተም ሲያልፍ ታየኝ።

"ታዲያ መቼ ትሄጃለሽ?" አለች ልጅቷ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

አዋላጇ ወደ ባልቴቷ አየች፤ ባልቴቷ ያልሰሙ መስለው የሽንኩርቱን ልጣጭ በእግራቸው ይሰበስቡ ነበር።

"መቼ ይኬዳል?" አለች። "ነገ ሠልስት ነው። ቀጥሎ ደግሞ የዕድሩ ስብሰባ ነው። እዚህ እንደሞጣ ከፍሎ መቅረት የለም።"

ተመልሳ ተቀመጠች። ባልቴቷ ሌላ ቢላዋ አቀበሏት፤ ይኼኛው የተሳለ ነበር።